ምጽዋ በጥር

ስለ ምጽዋ የማያወራ ሰው በመካከላችን የለም። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በእርጥብ ጣቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚስለውም፣ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር የሚከራከረውም፣ ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውም ሁሉ ምጽዋን ያነሳል። ልብ ብላችሁ ስሙ ግን፤ የሚወራው ስለ ወደቡ ነው። ስንት መርከብ ይይዛል፣ ማን ሰጠው፣ ማን ወሰደው፣ መቼ ይመለሳል። ከተማዋ ራሷ፣ ማለት ቤቶቿ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቿ፣ መንገድ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉት ልጆቿ፣ በዚያ ወሬ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቃላችንም ይመሰክርብናል። «የባሕር በር» እንላለን። በር ደግሞ የሚያልፉበት ነገር ነው፤ በር ላይ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

እኔና ሁለት ጓደኞቼ የሄድነው በጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ ተቃቅፈው፣ በዚያው ወር አውሮፕላን መመላለስ ጀምሮ ነበርና፣ ሃያ ዓመት ተዘግቶ የኖረ መንገድ ሲከፈት ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነልንም፤ ከዘመድ ከወዳጅ ተበድረን ተነሳን። ጥርን የመረጥነው በምክር ነው። ምጽዋ ከዓለም ሞቃት ከተሞች አንዷ ናት። በእኛ ክረምት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ያልፋል፤ የምታገኛት ጥቂት ዝናብ ደግሞ የምትመጣላት በእኛ በጋ ነው። ደገኛው ጃንጥላውን አጥፎ ሲያስቀምጥ የምጽዋ ሰው ሰማይ ሰማይ ማየት ይጀምራል።

ከአሥመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሥመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ጉዞው ከላይ እስከ ታች መውረድ ነው። ጠዋት ካፖርት ለብሰን አውቶቡስ ገባን። ከከተማው እንደወጣን ደመናው ከእግራችን በታች ሆነ። ጆሯችን ተደፈነ፤ ከፊታችን የተቀመጡት እናት ዞር ብለው «ማስቲካ አኝኩ» አሉንና ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡን። ነፋሲት ስንደርስ ከበላይ ካለው ተራራ ራስ ላይ ደብረ ቢዘን አለ ብለው ሾፌሩም ተሳፋሪውም በአንድ አፍ አሳዩን። በአሥራ አራተኛው ምእት ዓመት አቡነ ፊልጶስ የመሠረቱት ገዳም ነው፤ ሴት አይወጣበትም። ማስቲካ የሰጡን እናት ከታች ሆነው ተሳለሙት።

ከመንገዱ ጎን ጎን የባቡሩ ሐዲድ አብሮን ይወርዳል። ኢጣልያኖች ከምጽዋ መዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። ሃያ አራት ዓመት መሆኑ ነው! ገደሉን ያየ ሰው ግን ዘገየ አይልም። የዚህ ሐዲድ ታሪክ ከአሠራሩ ይልቅ ከፈረሰ በኋላ ይደንቃል። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ብረቱና አግዳሚው እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆነ። ነፃነት ከተገኘ በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ ሽበታቸው የነጣ አናጢዎችና አንጥረኞች፣ ተጠርተው መጡና ያንኑ ብረት ከየምሽጉ እያወጡ መልሰው ዘረጉት። ይኽን የነገረን አንድ ተሳፋሪ ነው፤ ሲነግረን ራሱ እንደዘረጋው ነበር ደረቱን የነፋው። ኧረ ማንም ቢሆን ይነፋል።

ጊንዳዕ ላይ ካፖርታችንን አወለቅን። ጊንዳዕ አረንጓዴ ናት፤ የደጋውም የባሕሩም ዝናብ ይደርሳታል። ከዚያ በታች ምድሩ ይገረጣል፣ ግራሩ ያጥራል፣ ግመል ይበዛል። ጋሕተላይን፣ ማይ አጣልን አልፈን አንድ ድልድይ ስንቃረብ ሾፌሩ «ዶጋሊ» ብሎ በአገጩ አመለከተ። እኛ ሦስታችንም ከመቀመጫችን ብድግ አልን። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ጦር ያጠፉበት ቦታ ነው። ሮም ከተማ ውስጥ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስቱ መቶ አደባባይ» የሚባለው በእነዚያ ሟቾች ስም ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ ዶጋሊ ተራራ ይመስለኝ ነበር። የመስኮቱ ዶጋሊ ደረቅ ወንዝ፣ ድልድይና ዝቅ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች ናት። አውቶቡሱ አልቆመም። ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቷል፤ ቆመን የቀረነው እኛ ብቻ ነን።

ምጽዋ ሁለት ደሴትና አንድ የብስ ናት። ከየብሱ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለት ደግሞ ጥንታዊቷ ከተማ ወዳለችበት ወደ ባጽዕ ደሴት፣ በባሕሩ ላይ ድንጋይ ተደልድሎ መንገድ ተሠርቷል። ይኽን መንገድ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለግብፆች ያገለግል የነበረው የስዊሱ ተወላጅ ሙንዚንገር ነው። ግራና ቀኝ ባሕር፣ መሐል ላይ ጠባብ መንገድ፤ መኪና ሲያልፍ ውሃው የሚያልፍ ይመስላል።

ጥዋለት ላይ ሁለት ነገር ዓይን ይይዛል። አንዱ የተሰበረው ቤተ መንግሥት ነው። የሙንዚንገር ዘመን ሕንፃ ነበር፤ ኢጣልያኖች አሳደሱት፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የደጋው ብርድ ሲበዛባቸው፣ በየዓመቱም የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር ያርፉበት ነበር። እኛ ስናየው ጉልላቱ ተቀዶ ሰማይ ይታይበታል፤ ደረጃው እንደ ሸንኮራ ተገምጧል። ሁለተኛው በጥቁር ድንጋይ መደብ ላይ የቆሙ ሦስት ታንኮች ናቸው። ሻዕቢያ ምጽዋን የያዘበትን የየካቲት 1982 ዓ.ም. ውጊያ የሚዘክሩ ናቸው። ታንኮቹ ያለፉበት ጠባብ መንገድ ሲጋለት ቀጣን ይባላል፤ ኤርትራዊ ልጅ ይኽን ስም እኛ አድዋን በምንጠራበት ድምፅ ይጠራዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ያው ደሴት የሚነሳው በብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ስም ነው፤ ተከቦ እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱን ሠዋ እየተባለ ይነገርለታል። አንድ መንገድ፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ዓይነት ልቅሶ። እኔ እዚያ ቆሜ የየትኛውን ልቅሶ እንደማለቅስ አላወቅሁም፤ ሙቀቱም ለልቅሶ አይመችም።

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ ሳልናገር ባልፍ ነገሩ አይገባችሁም። የእናቴ ታላቅ ወንድም የባሕር ኃይል ነበር። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ እሱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ከአሜሪካ በ1954 ዓ.ም. በተገኘችው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ሠርቷል። መርከቧ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አጎቴ ጋሼ ይኽን ሲሰማ ሰው የሞተበት ያህል ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም ይባላል። ልንሄድ ስንል አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ፦ «ማታ ክፍል ውስጥ እንዳትተኛ። አልጋህን ጎትተህ አውጣ።»

ባጽዕ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሚይዝህ ጸጥታው ነው። ከተማዋ የተሠራችው ከባሕር ተፈልጦ ከወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። እጅህን ግድግዳው ላይ ብታሳርፍ የዛጎልና የባሕር እንስሳ ቅርጽ በመዳፍህ ይሰማሃል። ከፎቅ የሚወጡት መስኮቶች ከእንጨት እንደ ወንፊት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው፤ ከውስጥ ያለ ውጭውን ያያል፣ ከውጭ ያለ ውስጡን አያይም፤ ነፋስ ግን ለሁሉም ይገባል። ብዙ ገዢ በባሕር መጥቶባታል። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዟት፤ በ1865 ለግብፆች አሳለፏት፤ ኢጣልያኖች በጥር 1877 ዓ.ም. ገቡና አሥመራ እስክትተካት ዋና ከተማቸው አደረጓት። የመሬት መንቀጥቀጡ እ.ኤ.አ. በ1921 ግማሿን ጣለ፤ ጦርነቱ የተረፈውን በሳው። የኢጣልያ ባንክ የነበረው ውብ ሕንፃ ቅስቶቹ እንደቆሙ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ በጥይት ያልተጠቀጠቀ ምሰሶ ፈልገን አጣን። ኮራል ደግሞ ሲሞት ይፈረፈራል፤ ጨዉ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ከአንድ ቤት ሥር ቆመን ሳለ ምንም ሳይነካው የግድግዳ ፍርፋሪ እንደ ስኳር ትከሻዬ ላይ ወረደ።

ከጓደኞቼ አንዱ የደሴ ልጅ ነው። የሼህ ሐነፊ መስጊድ ገብቶ ሰግዶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። የነቢዩ ባልደረቦች ከመካ ስደት ወደ ሐበሻው ንጉሥ ሲመጡ መጀመሪያ የረገጡት ይኽን ዳርቻ ነው የሚል ትውፊት በከተማው አለ፤ የሶሓባ መስጊድ የሚባለውም በዚያ ስም የተጠራ ነው። «እኔ ነጃሺን ሄጄ አይቻለሁ» አለን፤ «መጨረሻውን አይቼ መጀመሪያውን ሳላይ ቀርቼ ነበር።»

ሽማግሌውን ያገኘናቸው ቅስት ካለው በረንዳ ሥር መረብ ሲጠግኑ ነው። እግራቸውን ዘርግተው፣ የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ይዘው። ቀና ብለው አዩንና በጥሩ አማርኛ፣

«ከአዲስ አበባ ናችሁ» አሉን።

«አዎ አባባ፤ በምን አወቁን?»

«ጫማችሁን አስራችኋል። እዚህ ጫማ የሚያስር መንገደኛ ብቻ ነው።»

አማርኛውን የት ተማሩት ብንላቸው፣ አፍ የፈቱት በትግረ እንደሆነ፣ ዓረብኛ ከመስጊድ፣ ኢጣልያንኛ ከመርከብ መጠገኛው፣ አማርኛ ደግሞ ከባሕር ኃይል ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወቱ እንደተማሩ ነገሩን። ከዚያም፣ «ወደብ ልታዩ ነው የመጣችሁት?» አሉ። ወደቡማ አጥር አለው፤ ዘበኛ አለው፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከተማዋን ልናይ ነው ስንላቸው ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ሳቃቸው ብዙ ነው።

«እንግዲያ ለየት ያላችሁ ናችሁ። በሐምሌ በነሐሴ ብዙ የእናንተ ሰው መጣ። ሁሉም እዚያ ጋ ቆሞ ባሕሩን ያያል፤ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይሄዳል። እኔ እዚሁ ተቀምጬ ነው ያለሁት። ባሕሩን ሰላም ይሉታል፤ እኔን አይሉኝም።»

አጎቴን ሳነሳ እጃቸው መረቡ ላይ ቆመ። የትኛዋ መርከብ ላይ ነበር አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እሷን ቀለም ቀብቻታለሁ» አሉ። «ሆዷን፣ ከውሃው በታች ያለውን። ሁለት ጊዜ። በገመድ አውርደውኝ።» ትንሽ ቆይተው፣ «አጎትህ በሕይወት አለ? እንግዲያ ቀለም ቀቢው ሰላም ብሎሃል በለው። አያውቀኝም። ግድ የለም፤ ሰላም በለው» አሉ።

ከዚያ ተነሱና ከተማዋን እንያችሁ ብለው ከፊታችን ቀደሙ። በየማዕዘኑ የማን ቤት እንደነበረ ይነግሩናል፤ የእንቁ ነጋዴው፣ የሐድረሚው፣ የግሪኩ ቡና ቤት። አንድ ባዶ ቦታ ላይ ደረስን። ድንጋይ ተከምሯል፤ ድመቶች ጥላው ላይ ተኝተዋል። «ይኽ የእህቴ ቤት ነበር» አሉ። ከተማዋ የተያዘችው በሦስት ቀን ነው፤ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው አሉን። ከተማዋ በሻዕቢያ እጅ ከገባች ወዲያ አውሮፕላኖች ለወራት ይመላለሱባት ነበር። በክላስተርና በናፓልም ደበደቧት፤ ለተራበው የአገራችን ሕዝብ ተብሎ ወደቡ ላይ የተከማቸው የእርዳታ እህል እንኳ መጋዘኑ ውስጥ ጋየ። ሽማግሌው ይኽን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። አውሮፕላኖቹ ከየት እንደተነሱ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። የምንነጋገረው ደግሞ በአማርኛ ነው። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ማን እንደነበረ አልነገሩንም። አልጠየቅናቸውም። ከድመቶቹ አንዷ ተነስታ ተንጠራራች፤ እኛም መንገዳችንን ቀጠልን።

ማታ ዓሣ በላን። ምጽዋ ሄዶ ይኽን ዓሣ ያልበላ ሰው ሄደ አይባልም። የየመኖች አሠራር ነው። ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በርበሬ ይቀባል፤ እንደ ጉድጓድ በሚነደው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይበስላል። ቂጣውም እዚያው ምድጃ ውስጥ ነው የሚጋገረው፤ ከሳህንህ ይሰፋል። በእጅህ እየቆረስህ ትበላለህ፤ ድመት እግርህ ሥር ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቡናው ዝንጅብል ገብቶበት መጣ። ሂሳቡን ስናይ የደሴው ልጅ «እዚህ ብንቀርስ?» አለ።

እንደተመከርኩትም አደረግሁ። በየሰፈሩ ሰው የገመድ አልጋውን እያወጣ መንገድ ዳር ይዘረጋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በአልጋው ተኝቶ ያወራል፤ ሕፃን ሲያለቅስ የማን እንደሆነ በጨለማ ይጠያየቃሉ። ያረፍንበት ቤት እመቤት አልጋችንን ከእሳቸው ልጆች አልጋ አጠገብ አስቀመጡልን። ጥር ነው ተብሎ እንኳ ሌሊቱ ይሞቃል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የጨውና የዓሣ ሽታ አለው። ጋሼ ይኽን ምክር የሰጠኝ ለጤናዬ አስቦ እንዳልሆነ ያን ሌሊት ጠረጠርሁ።

በማግስቱ የሦስተኛው ጓደኛችን ተራ ሆነ። እሱ የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጀምሮ «እኔ የምፈልገው እምኩሉን ነው» ይል ነበር። እምኩሉ ከየብሱ በኩል ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቅ ሰፈር ናት፤ ደሴቶቹ ውሃ ስለሌላቸው ድሮ ውሃ የሚመጣላቸው ከዚያ ነበር። እዚያ ምን አለ? እዚያማ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ። ሂካ የሚባል የኢሉባቦር ልጅ ከእናቱ ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለሚሲዮኑ ሰጠው፤ አዎ፣ ያው የመንገዱ ሙንዚንገር። ልጁ ተምሮ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆነ። አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እዚያው እምኩሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1893 አሳተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። አብራው የደከመችው አስቴር ገኖ ደግሞ ባሪያ ጫኝ መርከብ ላይ ተጭና ወደ የመን ስትወሰድ ባሕር ላይ ተይዞ ነፃ የወጣች ልጅ ናት። ቋንቋውን ከእሱ በተሻለ የምታውቀው እሷ ስለነበረች ቃላቱን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን እያስታወሰች ሰበሰበች። በ1894 የወጣው የማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱም ሥራ ነው።

እምኩሉ ስንደርስ ማተሚያ ቤቱ የት እንደነበረ የሚናገር ምልክት አላየንም። ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ። ጓደኛችን መሐል መንገድ ቆመና ዙሪያውን አየ። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል ምኑን እንደሚያነሳ አጣ፤ መልሶ ከተተው።

«ለእሱ የባሕር በር ማለት ይኽ ነበር» አለ። «በሩ ሲከፈትለት ወደ ውጭ የሚሸጥበት።»

የኢሉባቦርን ልጅ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላስቸገርነውም።

ወደ አዱሊስ ለመሄድ የጭነት ፒካፕ ተከራየን፤ ከኋላ ላይ ተቀመጥን። መንገዱ ወደ ደቡብ በሕርጊጎ በኩል ያልፋል። ሕርጊጎ ናይቦች የሚባሉት የአካባቢው ባላባቶች መቀመጫ የነበረች፣ ሳልሕ ከኪያ የሚባሉት ባለጸጋ በ1930ዎቹ ትምህርት ቤት የሠሩላት መንደር ናት፤ በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. በእኛ ወታደር የተቃጠለችም እሷ ናት። ሾፌሩ ይኽን አልነገረንም፤ ፈጠን ብሎ ነዳ። አንብበን የመጣነው እኛ ነን ዝም ያልነው።

አዱሊስ ዙላ አጠገብ ናት። ሐውልት፣ ደረጃ፣ ዓምድ ለማየት ለመጣ ሰው አንዳች ነገር የላትም። እሾሃም ቁጥቋጦ የበቀለበት ጉብታ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም የተቆፈረ ጉድጓድ። ወደታች ስታይ ግን የምትረግጠው ሁሉ የሸክላ ስባሪ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ መስመር የወጣለት። በአንደኛው ምእት ዓመት የተጻፈ የግሪክ መርከበኞች መመሪያ ከዚህ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ይጫን እንደነበረ፣ አክሱምም ከዚህ የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነች ይናገራል። በስድስተኛው ምእት ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ መጥቶ እዚህ የቆመ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ ገለበጠ፤ ዙፋኑ ጠፍቶ ዛሬ የቀረልን የእሱ ግልባጭ ነው። እንግሊዞችም ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ በ1860 ዓ.ም. ሲመጡ የወረዱት በዚሁ በዙላ ባሕር ሰላጤ ነው፤ ከህንድ አርባ አራት ዝሆን ጭነው አመጡ። ከዚህ ዳርቻ ለሺህ ዓመት የዝሆን ጥርስ ሲወጣ ኖሮ፣ በመጨረሻ ዝሆን ራሱ በመርከብ መጣ! የኢሉባቦሩ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ የሳቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ባሕሩ የት አለ ብለን ዙሪያውን ፈለግን። የለም። ወንዙ ደለል እያመጣ እያመጣ ዳርቻው ወደዚያ ርቋል፤ ያ ሁሉ መርከብ የቆመበት ወደብ ዛሬ የብስ ነው። ሾፌሩ በእጁ ወደ ምሥራቅ አመለከተን፤ ያየነው የሙቀት ጭጋግ ነው። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ከስባሪዎቹ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። ሾፌሩ በቋንቋው ምን ይፈልጋሉ ብሎ እንደጠየቀው ተረጎመልን። ወደብ ብሎ ቢመልስለት ልጁ ሳቀ፤ በበትሩ ወደ ምጽዋ በኩል አሳየን።

ዳህላክን አላየንም። ደሴቶቹ ከመቶ ይበልጣሉ፤ በዳህላክ ከቢር ላይ ከሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ በኩፊ የዓረብ ጽሕፈት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች፣ ከኮራል አለት የተፈለፈሉ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ኖኩራ ደግሞ ኢጣልያኖች እስረኛ በሙቀት የሚገድሉባት፣ በደርግ ዘመን የሶቪየት መርከቦች የሚጠገኑባት ደሴት ናት። የጀልባው ነዳጅ ከሦስታችን ኪስ በላይ ሆነ። በምትኩ ጉርጉሱም ሄደን ዋኘን፤ ማለት ሁለቱ ዋኙ፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌውን ልንሰናበት ሄድን። እዚያው በረንዳ ሥር ናቸው፤ መረቡ ሌላ ነው። ለጋሼ የሚሆን ነገር አምጥቻለሁ አሉና በጋዜጣ የተጠቀለለ ዛጎል ሰጡኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጥር ላይ እንመለሳለን ብንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በጥር የመጣ ሰው ምጽዋን አየሁ አይበል» አሉ። «ጥር ላይ ማንም ይኖርባታል። ቱርኩም፣ ጣልያኑም፣ ንጉሡም ጥርን ይወዱት ነበር። በሰኔ ና። ሰኔ ላይ የሚቀረው ባለቤቱ ነው።»

ዛጎሉን ለጋሼ ሰጠሁት፤ ሰላምታውንም ነገርኩት። ከውሃው በታች ያለውን ሆዷን የቀባው ሲባል መነጽሩን አወለቀ። ስሙ ማን ይባላል፣ ዕድሜው ስንት ይሆናል፣ ቁመቱስ፣ ብሎ ጠየቀኝ። በገመድ የሚወርዱ ብዙ ነበሩ አለ፤ እኛ ከላይ ሆነን ገመዱን ነው የምናየው።

ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ አለፈ፤ በረራውም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተቋረጠ። ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ ያው ክርክር ይነሳል፤ ካርታው በጣት ይሳላል። ዛጎሉ በጋሼ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። ሰኔ በገባ ቁጥር ምጽዋ ስንት ዲግሪ እንደሆነች ስልኬ ላይ አያለሁ፤ ባለፈው ሰኔ አርባ ሁለት ይል ነበር።